ሁለቱ ከሰሎችና የእኛ ምድጃ

በቋንቋችን «ከሰል» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ያመለክታል፤ አንደኛው ከምድር ተቈፍሮ የሚወጣው የድንጋይ ከሰል፥ ሁለተኛው ዛፍ ተቈርጦ የሚዘጋጀው የእንጨት ከሰል ነው።

የድንጋይ ከሰል ከመቶ ዓመታት በላይ የዓለም ዋና የኤሌክትሪክ ምንጭ ሆኖ ቈይቷል። ዳሩ ግን ጢሱ አየርን ስለሚበክልና የምድርን ሙቀት ስለሚያባብስ ብዙ አገሮች እየተዉት ነው። በ1874 ዓ.ም. በለንደን በከሰል ኤሌክትሪክ ማመንጨት የጀመረችው እንግሊዝ፥ የመጨረሻውን የከሰል ጣቢያዋን በመስከረም 2017 ዓ.ም. ዘግታለች። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2007 ዓ.ም. «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው፥ በተለይ የድንጋይ ከሰል ሳይዘገይ በሌላ ኃይል እንዲተካ አሳስበዋል።

አገራችን ኤሌክትሪክን የምታገኘው በአብዛኛው ከውኃ ነው። ከስሜን ተራሮች የሚወርዱ ብዙ ወንዞች ወደ ተከዜ ይገባሉ፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብም 300 ሜጋዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ይሁን እንጂ በደባርቅና በዳባት ዙሪያ በብዙ ቤቶች እንጀራ የሚጋገረው ዛሬም በእንጨትና በኩበት፥ ቡና የሚፈላውም በእንጨት ከሰል ነው። ዛፉ ሲመነጠር አፈሩ በጎርፍ ታጥቦ ወደ ግድቡ ይወርዳል፤ ኩበቱ ሲነድ ማሳው ማዳበሪያውን ያጣል፤ ጢሱም የእናቶችንና የሕፃናትን ሳንባ ይጎዳል።

ስለዚህ የኃይል ፖሊሲ የሚመዘነው በግድቡ ታላቅነት ብቻ ሳይሆን፥ ኃይሉ እስከ ድኻዋ እናት ምድጃ በመድረሱ ነው። እስከዚያው ማገዶ ቈጣቢ ምድጃ መሥራትና የተቈረጠውን ዛፍ በችግኝ መተካት የሁላችን ግዴታ ነው።

ለውይይት፦ በመንደራችን ማገዶ የሚሸከመው ማን ነው? ሸክሙንስ ለማቅለል ምን እናድርግ?