በብዙ እጅ ስለሚጻፍ መዝገበ ዕውቀት የተደረገ ምልልስ

አንድ የስድስት ኪሎ ተማሪ በአማርኛው ውክፔዲያ ስለ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጻፈውን ለማስፋፋት ተነሥቶ፥ ያሰፈረውን ቃል በማግስቱ በሌላ ሰው እጅ ተለውጦ ስላገኘው፥ ነገሩ ቅር ቢያሰኘው በዚያው ዩኒቨርሲቲ ተምረው በቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ብዙ ዘመን ወደ ኖሩ አረጋዊ ሄደ። እሱ የጠየቃቸውና እሳቸው የመለሱለት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

ተማሪ፦ አባቴ፥ ደክሜ ያቀናሁትን ዐረፍተ ነገር ማን እንደ ሆነ እንኳ የማላውቀው ሰው እንዳሻው የሚለውጠው በማን ሥልጣን ነው?

አረጋዊ፦ አንተ በጻፍህበት ሥልጣን ነዋ፥ ልጄ! ጂሚ ዌልስና ላሪ ሳንገር ይህን መዝገብ በጥር ወር 1993 ዓ.ም.፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2001፥ ከመጀመራቸው በፊት ኑፒድያ የሚባል ሌላ ሥራ ነበራቸው፤ በዚያም አንድ ጽሑፍ ለሕዝብ ከመድረሱ በፊት በሊቃውንት እጅ ሰባት የምርመራ ደረጃ ማለፍ ስለ ነበረበት፥ ከብዙ ድካም በኋላ የተፈጸሙት ጽሑፎች እጅግ ጥቂት ሆኑ። ስለዚህ ሥርዐቱን ገለበጡትና አስቀድሞ ይጻፍ፥ ምርመራው ይከተል፥ መርማሪውም የሚያነበው ሁሉ ይሁን አሉ። አንተን ያለ ፈተና ያስገባህ ደንብ ያንንም ሰው ያስገባው ነውና፥ ለራስህ ሲሆን ተቀብለህ ለእሱ ሲሆን ልትነቅፈው አይገባም።

ተማሪ፦ ታዲያ ድካሜ በከንቱ ቀረ ማለት ነው?

አረጋዊ፦ አልቀረም። በገጹ ራስጌ የለውጡን ታሪክ ብትከፍት፥ ጽሑፉ ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ማን፥ በየትኛው ሰዓት፥ የትኛውን ቃል እንደ ለወጠ ተራ በተራ ተመዝግቦ ታገኘዋለህ፤ የቀድሞውንና የኋለኛውን ጎን ለጎን አስተያይተህ፥ ብትወድ የቀድሞውን መመለስ ትችላለህ።

ተማሪ፦ እንግዲያውስ ዛሬውኑ እመልሰዋለሁ፤ ደግሞ ቢለውጠው ደግሜ እመልሰዋለሁ።

አረጋዊ፦ እንዲህ ያለው መጓተት ስላስቸገራቸው፥ የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ሰዎች፥ በ24 ሰዓት ውስጥ በአንድ ገጽ ላይ ከሦስት ጊዜ በላይ የሌላውን ሥራ የሚሽር ሰው ከመጻፍ ሊታገድ እንደሚችል ደንግገዋል። ደጋግሞ መሻር እልክን ያሳያል እንጂ ነገሩን አያስረዳም። እያንዳንዱ ጽሑፍ የራሱ የውይይት ገጽ የተሰጠው ለዚሁ ነው፤ ምክንያትህን በዚያ ጽፈህ፥ ስምህን ፈርመህ፥ መልስ ትጠብቃለህ። ለመሆኑ የጻፍኸው ምን ነበር? እሱስ ምን አደረገው?

ተማሪ፦ የጻፍሁት «በአፍሪካ ተወዳዳሪ የሌለው ዝነኛው ዩኒቨርሲቲያችን በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ» የሚል ነው። እሱ ውዳሴውን ሁሉ ፍቆ፥ ዓመቱን 1943 አድርጎ፥ በግርጌ አንድ መጽሐፍ ጠቀሰ። እኔ ግን 1954ን በእንግሊዝኛ ጽሑፍ በዓይኔ አንብቤዋለሁ።

አረጋዊ፦ ያነበብኸው ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በማን አቈጣጠር 1954 እንደ ሆነ አልጠየቅህም። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ካናዳዊውን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ዶክተር ሉሲየን ማትን አዝዘው የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁን ያቋቋሙት በአውሮፓውያን 1950 ነው። ያ ዓመት እስከ ጳጉሜን ያለው በእኛ 1942፥ ከመስከረም ወዲህ ያለው 1943 ስለሚሆን፥ ትምህርቱ የተጀመረው በታኅሣሥ ነውና 1943 ይባላል። ኮሌጁ ቻርተር ያገኘው በአውሮፓውያን 1954 ሲሆን፥ ወሩ ሐምሌ ነውና በእኛ 1946 ነው። ደግሞም በእኛ በታኅሣሥ 1954፥ ማለት በአውሮፓውያን 1961፥ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለትምህርት ተሰጥቶ፥ ልዩ ልዩ ኮሌጆች በአንድነት ተሰብስበው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ ተመረቀ፤ የዛሬው ስም ከአብዮቱ ወዲህ የመጣ ነው። እንግዲህ 1954 የሚል ቍጥር ያለ አቈጣጠሩ ቢቀመጥ፥ አንዱ አንባቢ ቻርተሩን፥ ሌላው ምረቃውን ይረዳበታል፤ አንተ ደግሞ ምሥረታውን ተረዳህበት።

ተማሪ፦ ዓመቱን ተቀበልሁ። ውዳሴው ግን ምን ጥፋት ተገኘበት? በሀገራችን የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ መሆኑ የታወቀ አይደለምን?

አረጋዊ፦ የመጀመሪያው መሆኑ በማስረጃ የሚጸና ነውና ይጻፍ፤ ተወዳዳሪ የሌለው መሆኑ ግን ፍርድ ነው፥ ፍርዱም ለአንባቢ የተተወ ነው። «ዩኒቨርሲቲያችን» ማለትህም በጅማ ወይም በጎንደር የተማረውን አንባቢ ባዕድ ያደርገዋል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ በቀድሞው ቤተ መንግሥት ውስጥ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በአውሮፓውያን 1963 እንደ ተመሠረተ፥ የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሪቻርድ ፓንክረስት እንደ ነበሩ፥ የንጉሠ ነገሥቱም መኝታ ቤት ዛሬ በተቋሙ ሙዚየም ውስጥ እንደሚጐበኝ ብትጽፍ፥ አንባቢው ማንም ሳያዝዘው ያደንቃል።

ተማሪ፦ እርስዎ ግን እዚያው ተምረዋል፥ እዚያው አገልግለዋል። የሚነግሩኝን ብጽፈው ከመጽሐፍ አይበልጥምን?

አረጋዊ፦ ለዚህ መዝገብ አይበልጥም። እኔ ያየሁት እውነት ቢሆንም፥ በሐዋሳ ወይም በዋሽንግተን ተቀምጦ የሚያነበው ሰው ትዝታዬን ሊመረምር አይችልም፤ የታተመ መጽሐፍ ከነገጹ ቢጠቀስለት ግን ገልጦ ያያል። የሌላ ደራሲ መጽሐፍ በደራሲው ዕውቀት ይከበራል፤ ይህ መዝገብ ግን የሚከበረው አንባቢው ሊያረጋግጠው በቻለው ልክ ነው። የእኔ ትዝታ የሚጠቅም ከሆነ አስቀድሞ በጋዜጣ ወይም በመጽሐፍ ይውጣ፤ ከዚያ በኋላ ሌላው ይጥቀሰው። ምስክርም ደረጃ አለው። ዩኒቨርሲቲው ስለ ራሱ ያሳተመው ለኮሌጆቹ ስምና ለግቢዎቹ ዝርዝር ይበቃል፤ ስለ መልካምነቱ ግን ከሌላ ወገን የመጣ ምስክር ያሻል። የምትጠቅሰውን ጽሑፍ ቃልም እንዳለ መገልበጥ አይገባም፤ በውክፔዲያ የሚጻፈው ማንም ምንጩን ጠቅሶ እንዲገለገልበት በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የሚለቀቅ ስለ ሆነ፥ የራስህ ያልሆነውን ለሕዝብ መስጠት ይሆንብሃል። የዩኒቨርሲቲው መሪ ቃል እንኳ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች ከጻፈው ከመጀመሪያው መልእክት ተወስዶ፥ ሁሉን መርምሮ መልካሙን መያዝን ያዝዛል፤ ስለ እሱ የሚጽፍ ሰው ከዚህ ባነሰ ትጋት ሊጽፍ አይገባውም።

ተማሪ፦ የታመኑት ምስክሮች እርስ በርሳቸው ቢጣሉስ?

አረጋዊ፦ ከባዱ ይህ ነው። በ1985 ዓ.ም. ወደ 40 የሚሆኑ መምህራን፥ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስም ከእነዚሁ ጋራ፥ ከዩኒቨርሲቲው ተሰናብተዋል። አስተዳደሩ የሰጠው ምክንያት አለ፤ የተሰናበቱት የተናገሩት ደግሞ ሌላ ነው፥ ነገሩን የፖለቲካ በቀል ብለውታል። አንተ በልብህ ለአንደኛው ብታደላም፥ በገጹ ላይ ግን ማን ምን እንዳለ፥ የት እንደ ታተመ፥ እያንዳንዱንም ምንጮቹ በሰጡት ክብደት ልክ ታሰፍራለህ። የአንድምታ መምህር አንዱን ንባብ ተርጕሞ፥ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ሲያስከትል፥ ደቀ መዝሙሩ ሁለቱንም ይዞ እንዲመዝን እንጂ ፊተኛውን እንዲረሳ አይደለም፤ ይህም እንደዚያ ነው። ልዩነቱ፥ በዚህ ገጽ ላይ ለእያንዳንዱ «አንድም» ምንጩ በስሙ መጠቀስ አለበት።

ተማሪ፦ ይህን ሁሉ አድርጌ፥ በውይይቱ ገጽ ማንም ባይመልስልኝስ? የአማርኛው ገጽ እኮ ብዙ ጊዜ ጭር ያለ ነው።

አረጋዊ፦ የምፈራው ይህን ነው። በእንግሊዝኛው ብዙ ዓይን ስላለ ስሕተት ቶሎ ይያዛል፤ በአማርኛው ግን የሚጽፈው ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፥ የተሳሳተ ዓመት ተቃዋሚ ሳያገኝ ለብዙ ጊዜ ሊቀመጥ ይችላል። ከዚያ ጋዜጠኛ ከገጹ ቀድቶ ለዜና ያውለዋል፤ ዜናውም ለገጹ ማስረጃ ሆኖ ተመልሶ ይጠቀሳል፤ እንዲህ አድርጎ ሐሰት በራሱ ምስክርነት ይጸድቃል። ስለዚህ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ችግሩ የሚያርመው መብዛቱ አይደለም፥ መታጣቱ ነው። ያ ያልወደድኸው ሰው ዓመትህን ከነመጽሐፉ አቅንቶልሃልና፥ በውይይቱ ገጽ አስቀድመህ አመስግነው፤ ቀጥለህም ምሥረታውን፥ ቻርተሩንና ምረቃውን በየራሱ ዓመት፥ ከሁለቱም አቈጣጠር ጋራ፥ ለይታችሁ እንድትጽፉ አሳብ አቅርብለት። እሱ አንተን እንዳረመህ አንተም እሱን አርመው፤ ሁለታችሁንም የሚያርም ሦስተኛ ሰው ደግሞ ፈልጉ።