የበዓል ሰሞን ክሩዝ፦ ከመክፈልዎ በፊት የሚሠራ ሒሳብ

ማስታወቂያው ላይ በትልቁ የተጻፈው የክሩዝ ዋጋ የአንድ ሰው ዋጋ ነው፤ ያውም ሁለት ሰው በአንድ ካቢን ሲያድር። አሜሪካ የሚኖር አራትና አምስት ነፍስ ያለው ቤተሰብ በፈረንጆች ገና ትምህርት ቤት ሲዘጋ በመርከብ ልውጣ ቢል የሚከፍለው ከዚያ በጣም ይርቃል። ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለውን ለመወሰን ቀጥሎ ባለው ቅደም ተከተል ይሂዱ። ቅደም ተከተሉ ዋጋ አለው፤ የመጀመሪያው እርምጃ ብቻውን ጉዞውን ሊያስቀር ይችላልና።

መጀመሪያ የእያንዳንዱን ሰው ወረቀት ይመልከቱ። መርከቡ ከማያሚ ተነሥቶ ማያሚ ቢመለስም፣ በመሐል ባሃማስ ወይም ሜክሲኮ ከደረሰ ከአሜሪካ ወጥተዋል። በዚህ ዓይነት ጉዞ ላይ የአሜሪካ ዜጋ በልደት ምስክር ወረቀትና በመንግሥት መታወቂያ መሄድ ይፈቀድለታል። ፓስፖርት ግን ይሻላል፤ መንገድ ላይ ቢታመሙ ወይም መርከቡ ጥሎዎት ቢሄድ ከባዕድ አገር በአውሮፕላን የሚመለሱት በፓስፖርት ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከካርዱ ጋር ጊዜው ያላለፈ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይያዝ፤ መርከቡ የሚቆምባቸው አገሮች ቪዛ ይጠይቁት እንደሆነም አንድ በአንድ ያጣሩ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ነው። አድቫንስ ፓሮል የሚባለውን የቅድሚያ ፈቃድ ሳይዝ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ሊቆጠርበት ይችላል። ጥገኝነት የተፈቀደለትም ቢሆን ለመመለስ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያስፈልገዋል። ከቤተሰቡ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ጠበቃ ሳያነጋግሩ አንድ ዶላር አይክፈሉ። ጥርጣሬ ከቀረ አገር ውስጥ ሌላ ሽርሽር ይፈልጉ፤ ለአንድ ሳምንት መዝናኛ የዓመታት ተስፋ አደጋ ላይ አይጣልም።

በስማችን ሥርዓት እናትና ልጆች በፓስፖርት ላይ የመጨረሻ ስማቸው አይገናኝም። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ይያዙ። ልጆቹን የምትወስደው አያት ወይም አክስት ከሆነች ደግሞ ወላጆች በኖተሪ ፊት የፈረሙት የፈቃድ ደብዳቤ ይኑራት።

ሁለተኛው እርምጃ የቀን መቁጠሪያውን መግለጥ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ የሚፈታው በእኛ ገና ነው። ስለዚህ ዲሴምበር 25ን መርከብ ላይ የሚያሳልፍ ጿሚ ቤተሰብ ጉዞው ሁሉ በጾም ውስጥ ነው፤ ከቲኬቱ ዋጋ ጋር የተከፈለውን ሥጋ፣ ቅቤና ኬክ ሌላው ሲበላው ያያል። ልጆቹ ብቻ የሚበሉ ከሆነ ይህንንም አስቀድመው ይነጋገሩበት። የጾም ምግብ ግን ይገኛል፦ ሲመዘገቡ ከእንስሳት ተዋጽኦ የጸዳ ምግብ እንደሚፈልጉ ያስመዝግቡ፣ በመጀመሪያው ምሽት ደግሞ ለዋናው አስተናጋጅ ይንገሩት፤ የነገውን ምግብ ከዛሬ ያዘጋጅልዎታል። ሐላል የሚፈልግ ቤተሰብም ከመመዝገቡ በፊት ኩባንያውን ይጠይቅ። ቤት የተሠራ ምግብ ይዞ መግባትን ብዙ ኩባንያዎች ይከለክላሉ፤ በዳቦ ቆሎ ተማምነው አይሂዱ።

በሌላ በኩል የፈረንጆቹ በዓል አልፎ ልጆች ትምህርት ሲጀምሩ የመርከብ ዋጋ ይወርዳል፤ የእኛ ገና የሚውለውም ያኔ ነው። ከገና በኋላ በማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ሰሞን ወደ ባሃማስ የሦስት ወይም የአራት ሌሊት ጉዞ ቢፈልጉ ልጆች ከትምህርት የሚቀሩት አንድ ሁለት ቀን ነው፤ ጾሙም ተፈትቷል። ጥምቀት ከዚያው ሰሞን ጋር ሊገጥም ስለሚችል ጥር 11ን ብቻ ያረጋግጡ። እኔ ለጿሚ ቤተሰብ የምመክረው ይህንን ነው፤ በማያከብሩት ቀን የበዓል ዋጋ መክፈል አይታየኝም።

ሦስተኛ፣ ሙሉውን ወጪ ወረቀት ላይ ያውርዱት። ለምሳሌ ሁለት ወላጅና ሁለት ልጅ በአንድ ካቢን ለ7 ሌሊት ከነግብሩ 5,600 ዶላር ተጠየቁ እንበል። ቲፕ በየቀኑ በየሰው፣ በልጆችም ጭምር፣ በራሱ ይታሰባል፤ 18 ዶላር ብንይዝ ለአራት ሰው በ7 ቀን 504 ይሆናል። ከዋሽንግተን አካባቢ ወደ ፍሎሪዳ የአውሮፕላን ትኬት በሰው 380 ቢሆን 1,520። መርከብ ዘግይቶ ለመጣ አይጠብቅም፤ በክረምቱ መሐል በረራ ደግሞ ይስተጓጎላልና ከአንድ ቀን በፊት ደርሰው ሆቴል ማደር አለብዎት፦ 200። ዋይፋይ ለአንድ ስልክ በቀን 20 ቢሆን 140። በሦስት ወደቦች ለጉብኝት በሰው 50 ቢያወጡ 600። ኢንሹራንስ 300፣ ሻንጣና ታክሲ 240። ድምሩ 9,104 ዶላር ነው። በሌሊት 1,300 ያህል መሆኑ ነው፤ ያውም መጠጥ ሳይጨመር። የአልኮል ፓኬጅ ከማንሳትዎ በፊት ደንቡን ያንብቡ፤ በብዙ ኩባንያ አንዱ ከገዛ በዚያው ካቢን ያለ አዋቂ ሁሉ እንዲገዛ ይገደዳል።

አያት ከተጨመሩ ሒሳቡ ይለወጣል። የተለመደው ካቢን ከአራት ሰው በላይ አይይዝም፤ ብቻውን ካቢን የሚይዝ ሰው ደግሞ የሁለት ሰው ያህል ሊከፍል ይችላል። ሁለት ካቢን ጎን ለጎን ይዘው ሦስትና ሁለት ሆነው ቢከፋፈሉ የሚሻልበት ጊዜ ብዙ ነው። አሜሪካ ውስጥ በሜዲኬር የሚታከሙ አያት ባሕር ላይ በአብዛኛው ሽፋን አይኖራቸውም፤ የመርከቡ ክሊኒክም ያስከፍላል። ኢንሹራንሱን እዚህ ላይ አይቆጥቡት።

ለሲልቨር ስፕሪንግና ለአሌክሳንድሪያ ሰው የባልቲሞር ወደብ፣ ለሂውስተን ሰው ጋልቬስተን በመኪና የሚደረስ ነው። ከላይ ካለው ሒሳብ የአውሮፕላኑና የሆቴሉ 1,720 ይቀራል፤ የመኪና ማቆሚያ ብቻ ይጨመራል። ከባልቲሞር በክረምት ሲነሡ ግን የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቀን በብርዱ አትላንቲክ ላይ ነው። መዋኛ ገንዳውን እያሰቡ የሚሄዱ ልጆች ይህን አስቀድመው ይወቁት።

አራተኛው እርምጃ ያንን ድምር ከሌላ ነገር ጎን ማስቀመጥ ነው። 9,104 ለአራት ሲካፈል በሰው 2,276 ይደርሳል። በዚያው ሰሞን ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ስንት እንደሆነ ይጠይቁ። ልጆቹ አያቶቻቸውን በስልክ ብቻ የሚያውቁ ከሆነ፣ ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው፤ መርከቡ ይቆይ። አገር ቤት በቅርብ ደርሰው ከመጡ ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቁ፦ በዚህ ጉዞ የሚያርፈው ማነው? በየበዓሉ ቡናውም ወጡም እንግዳውም በእናት ትከሻ ላይ ነው። መርከብ ላይ አታበስልም፣ ሳህን አታጥብም፣ አልጋ አታነጥፍም። ልጆቹ ከ3 ዓመት በላይ ከሆኑ በብዙ መርከቦች የልጆች ክበብ በዋጋው ውስጥ ነው፤ እናትና አባት ሁለት ሰዓት ተቀምጠው ያወራሉ። ይህን ዕረፍት ለዓመታት ያላገኘች እናት ካለች ገንዘቡ ይገባዋል እላለሁ። ዳይፐር ላይ ያለ ሕፃን ካለ ግን አንድ ሁለት ዓመት ይጠብቁ፦ ሕፃን ዳይፐር ለብሶ ዋናው ገንዳ ውስጥ አይገባም፣ ከ6 ወር በታች የሆነውን ደግሞ መርከቡ ራሱ አይቀበልም። አለዚያ እናቲቱ ከቤት ወጥታም እንደ ቤቷ ትውላለች።

ለመሄድ ካዘነበሉ ዲፖዚቱ የሚመለስበትን ዓይነት ዋጋ ይምረጡ፤ የማይመለሰው ቅናሽ ያለው ይመስላል እንጂ እጅዎን ያስራል። ቀሪው ክፍያ የሚጠየቀው ብዙ ጊዜ ከጉዞው 90 ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። ዲሴምበር 20 ለሚነሣ መርከብ ይህ ሴፕቴምበር 21 አካባቢ ይውላል፣ ከእንቁጣጣሽ በኋላ፣ ከመስቀል በፊት። ትክክለኛውን ቀን ከውሉ ላይ አይተው ስልክዎ ላይ ይመዝግቡት። በእንቁጣጣሽ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ ድምሩን የጻፉበትን ወረቀት ያውጡና ሁሉም ይየው። በዚያው ሳምንት ዋጋውን እንደገና ይመልከቱ፤ ወርዶ ካገኙት ለኩባንያው ደውለው እንዲያስተካክሉልዎ ይጠይቁ። ድምሩ ያሳሰበው ሰው ካለ ቀኑ ሳያልፍ ሰርዘው ዲፖዚቱን ያስመልሱ።