የጠገራ ብርን ዋጋ ስለ ማስላት

ጠገራ ብር በአሮጌ ሣጥንና በብር ሠሪ ሱቅ ውስጥ ዛሬም አይጠፋም። ባለቤቱ ሊሸጠው፥ ነጋዴውም ሊገዛው ሲነሣ ግን ዋጋው ብዙ ጊዜ የሚቈረጠው በሒሳብ ሳይሆን በግምት ነው። በአንድ ፍሬ ላይ ጥቂት የሚመስለው ስሕተት በመቶ ፍሬ ላይ የነጋዴውን ትርፍ ጠርጎ ይወስዳል። ስለዚህ የስሌቱን መንገድ በየተራ መመልከት ይጠቅማል።

1ኛ፤ ክብደትና ጥራት። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር የተወሰነ ክብደቱ 28.0668 ግራም ነው። ይሁን እንጂ ከስድስት እጅ አምስቱ ብር፥ አንዱ መዳብ ስለ ሆነ፥ በአንዱ ፍሬ ውስጥ የሚገኘው ንጹሕ ብር 23.389 ግራም ብቻ ነው። 1887 ዓ.ም. የሚል የተቀረጸበት የዳግማዊ ምኒልክ ብር ደግሞ 28.075 ግራም ሲመዝን፥ ከሺህ እጅ 835ቱ ብር ነው፤ ንጹሑም 23.44 ግራም ገደማ ይሆናል።

2ኛ፤ መለኪያ። የሎንዶን ገበያ የብርን ዋጋ የሚናገረው በትሮይ አውንስ ነው፤ ይኸውም 31.1035 ግራም ነው። በአገራችን የተለመደው ወቄት ግን ከአንድ ጠገራ ብር ክብደት ጋር የተካከለ፥ 28 ግራም ገደማ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወቄትንና ትሮይ አውንስን አንድ አድርጎ በመቍጠር ነው።

3ኛ፤ ምሳሌ። የአንድ ትሮይ አውንስ ብር ዋጋ 30 ዶላር ነው እንበል። አንድ ነጋዴ ያላለቁ 100 ጠገራ ብሮች ቢቀርቡለት፥ ንጹሑ 2,338.9 ግራም ነው። ይህ ለ31.1035 ሲካፈል 75.2 አውንስ፥ በ30 ሲባዛም 2,256 ዶላር ይሆናል። ነጋዴው በወቄት ቢያካፍለው ግን 83.33 አግኝቶ 2,500 ዶላር ይከፍላል፤ 244 ዶላርም ይከስራል። መዳቡን ረስቶ መቶውን ፍሬ መቶ አውንስ ያደረገ ደግሞ 3,000 ዶላር ከፍሎ 744 ዶላር ያጣል።

4ኛ፤ ያለቀ ብር። በእጅ ብዛት ያለቀ ፍሬ ክብደቱ ይቀንሳል። 27.5 ግራም የመዘነ አንድ ፍሬ በዚሁ ዋጋ 22.10 ዶላር ያወጣል። ስለዚህ ፍሬው ተቈጥሮ ብቻ ሳይሆን ተመዝኖ ሊገዛ ይገባል። ቀለበት ተበይዶበት ጌጥ የሆነውም የብየዳው ክብደት ሊቀነስለት ያስፈልጋል።

5ኛ፤ እውነተኛነት። በፍሬው ላይ የሚነበበው 1780 ዓመት ዕድሜውን አያስረዳም። ንግሥቲቱ በዚያ ዓመት (እ.ኤ.አ.) ካረፉ በኋላ ብሩ በቪየና፥ በሮማ፥ በሎንዶን፥ በፓሪስና በቦምቤይ ዓመቱ ሳይለወጥ ተቀርጿል። ስለሆነም ዓመቱን ብቻ አይቶ የጥንት ዕቃ ዋጋ መጨመር አይገባም። ሐሰተኛውን ለመለየት ግን ውሃ ይረዳል፤ 100 እውነተኛ ፍሬዎች በመለኪያ ዕቃ ውስጥ ሲጠልቁ ውሃውን 275 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል ከፍ ያደርጉታል። በክብደት እኩል የሆነ መዳብ ቢሆን 313 ያህል ያደርሰው ነበር።

ከዚህ ሁሉ የተገኘው ውጤት የብሩ ዋጋ እንጂ የመግዣው ዋጋ አይደለም። የማቅለጫው፥ የማጓጓዣውና የነጋዴው ድካም ዋጋ ከእርሱ ይቀነሳል። ቅናሹ ስንት እንደ ሆነ በግልጽ የተነገረው ሻጭ ተመልሶ ይመጣል፤ በሚዛን ተታልሎ የሄደ ግን ደንበኛ ሆኖ አይቀርም።