ከአርባ ምንጭ ሆነሽ ሥዕል ለመማር ስትነሺ

ልጄ፣ በስልክሽ የሥዕል ትምህርት ልትጀምሪ መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። በእኛ ጊዜ ከጋሞ ተነሥቶ ሥዕል በወጉ መማር የሚሻ ወጣት ዐይኑን የሚጥለው አዲስ አበባ ላይ ነበር። ሠዓሊው አለ ፈለገ ሰላም እ.ኤ.አ. በ1957 ያቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እዚያ ነው፤ የሚገቡትም ጥቂቶች ነበሩ። ዛሬ መምህሩ እጅሽ ድረስ መጥቷል። የእጅሽን ሥራ እንዲያይልሽ ማድረግ ግን የአንቺ ፈንታ ነው።

1. ገንዘብ ከመክፈልሽ በፊት ማን እንደሚያርምሽ ጠይቂ። አንዳንዱ ትምህርት አስቀድሞ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው፤ በፈለግሽው ሰዓት ከፍተሽ ደጋግመሽ ታዪዋለሽ፣ ብዙ ጊዜም ርካሽ ወይም ነጻ ነው። ሌላው መምህርና ተማሪ በዙም ወይም በቴሌግራም በአንድ ሰዓት የሚገናኙበት ነው። እኔ ግን ከሰዓቱ ይልቅ እርማቱን አስቀድማለሁ። በአሜሪካ አልበርት ዶርን የተባለ ሠዓሊ ከኖርማን ሮክዌልና ከሌሎች ዕውቅ ሠዓሊዎች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1948 በፖስታ የሚያስተምር የሥዕል ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር። ተማሪው ሥራውን ይልካል፤ አራሚው በሥዕሉ ላይ ስስ ወረቀት ዘርግቶ የሳተውን መስመር ራሱ ይሥልና ከደብዳቤ ጋር ይመልሳል። ዛሬም ጎበዝ የኦንላይን መምህር ይህንኑ ያደርጋል፤ በላክሽው ፎቶ ላይ አስምሮ ትከሻው የት መውረድ እንደነበረበት ያሳይሻል። ስለዚህ ሥራሽን መምህሩ ራሱ የሚያየው እንደሆነ፣ በስንት ቀን እንደሚመልስልሽ፣ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ እንዳለ ጠይቂ። “በርቺ፣ ያምራል” ብቻ ለሚልሽ ሰው አትክፈይ።

2. ሰዓቱን አጣሪ። የውጭ መምህር 5 ሰዓት ሲል በአገሩ አቆጣጠር ነው። በዚያ ላይ በአውሮፓና በአሜሪካ ሰዓት በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀየራል፤ የእኛ አይቀየርም። መጋቢትና ጥቅምት ላይ በተለይ ተጠንቀቂ።

3. ኔትወርክ ደህና በሆነበት ሰዓት ቪዲዮውን አውርደሽ አስቀምጪ፤ መብራት ቢጠፋም ትምህርትሽ አይቋረጥም። ስለ መስመርና ስለ መጠን የሚያስተምረውን በዝቅተኛ ጥራት ብታዪው ምንም አይጎድልብሽም፤ ዳታሽን ቀለም ለሚቀላቀልበት ትምህርት ቆጥቢው።

4. እያየሽ አትሣዪ። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው እዪ፣ ስልኩን ገልብጠሽ አስቀምጪ፣ ከዚያ ሥሪ። ስትጨርሺ መልሰሽ ክፈቺና አስተያዪ። መምህሩን መስመር በመስመር የተከተለ ተማሪ ሥዕሉ ያምርለታል፤ በማግስቱ ብቻውን ሲቀመጥ ግን እጁ ባዶ ይሆንበታል።

5. ሥራሽን ፎቶ ስታነሺ በር አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ ይሁን፤ የማታ አምፖል ነጩን ወረቀት ቢጫ ያደርገዋል። ስልኩን ከወረቀቱ ጋር ትይዩ አድርገሽ ያዢው፤ ካጋደለ መምህሩ ያንቺ ያልሆነ ስሕተት ያርምልሻል። በቴሌግራም ስትልኪ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪው፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ጥራቱ ይቀንሳል። ያለቀውን ብቻ ሳይሆን የመጀመሪያውን ንድፍም ጨምሪ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው እዚያ ነው፣ ጥላው ከተቀባ በኋላ ደግሞ አይታይም።

6. ስለ ብርሃን መምህርሽ የሚነግርሽን በአገርሽ ሰማይ መርምሪው። ይህን አጥብቄ እመክርሻለሁ። የአውሮፓ መምህራን “ወደ ሰሜን በሚከፈት መስኮት አጠገብ ሥሩ፣ ብርሃኑ አይለዋወጥም” ይላሉ። ለእነሱ ልክ ነው፤ በአገራቸው የቀትር ፀሐይ ሁልጊዜ በደቡብ በኩል ናት። አርባ ምንጭ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 6 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ከመጋቢት መጨረሻ እስከ ጳጉሜን አካባቢ የቀትር ፀሐይ የምትቆመው በሰሜናችን ነው። በእነዚያ ወራት የሰሜኑ መስኮት ፀሐይ ያስገባብሻል፤ ወደ ደቡቡ ዙሪ። ቀትር ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ከአናት ስለምትወርድ የሰው ዐይን በቅንድቡ ጥላ ይዋጣል፣ የቤቱም ጥላ ከግድግዳው ሥር ይሰበሰባል። ጥላ የሚረዝምልሽ ማለዳና ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ነው።

ቀለሙም እንደዚያው ነው። ውኃ ሰማያዊ ነው ካሉሽ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ሴቻ ወጥተሽ ሁለቱን ሐይቆች፣ አባያንና ጫሞን፣ በመካከላቸው ካለው ከእግዜር ድልድይ ግራና ቀኝ ተመልከቺ። ጫሞ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ አባያ ግን ወንዞች የሚያመጡትን ደለል ስለሚሸከም ቀይ ቡናማ ነው። ለአባያ ከቡናማው ተነሥተሽ ነጭና ጥቂት ሰማያዊ ጨምሪበት።

7. መምህሩ ኩባያና ጠርሙስ ሣዪ ካለሽ ትእዛዙን ፈጽሚ፤ ከዚያ ያንኑ ትምህርት ይዘሽ ወደ ዶርዜ ውጪ። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ ተጠልፎ በእንሰት ሽፋን የሚለብሰው ረጅሙ የዶርዜ ቤት ክብ ነገር እንዴት እንደሚዞር ከየትኛውም ጠርሙስ በተሻለ ያስተምርሻል። ምስጥ ከሥሩ እየበላው ስለሚያጥር አሮጌውና አዲሱ ቤት ቁመታቸው ይለያያል፤ እርሳስሽን በተዘረጋ ክንድሽ ይዘሽ ሁለቱን ለኪያቸው። ባለ ቀለሙ የሽመና ልብስ ዱንጉዛም አለልሽ። ቀዩን፣ ቢጫውንና ጥቁሩን በእርሳስ ብቻ ሣዪው፤ ቀዩ ከቢጫው ምን ያህል እንደሚጠቁር ስትቸገሪ በስልክሽ አንሥተሽ ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሪው።

8. ገበያ ውስጥ ሰው ስትሥዪ አስቀድመሽ ሰላምታ ስጪ፣ ፈቃድም ጠይቂ። ወደ ዶርዜ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ካሜራ ስለሚደግን ሰዉ ቢሰለች አይፈረድበትም። አንቺ ግን የአገር ልጅ ነሽ፣ ጊዜም አለሽ። የተሣሉት አባት ወይም እናት ሥዕሉን ይዩት፤ “አገጬ እንዲህ አይደለም” ካሉሽ፣ ለመምህርሽ ከምትልኪው ፋይል ጋር ያሉሽን ጽፈሽ ላኪለት።