የተሰበረ ልብና የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ስለ ፍቅር አጀማመር ብዙ ይወራል። ፍቅር ሲያልቅ፣ በተለይም ካለቀ በኋላ ባሉት ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰው ምን እንደሚሆን ግን በክፍል ውስጥም ሆነ በፀረ ኤድስ ክበቦቻችን እምብዛም አንነጋገርም። እኔ በምክር አገልግሎት ሥራዬ እንደታዘብኩት ከሆነ ግን ለኤችአይቪ ተጋልጠው ወደ እኛ ከሚመጡት ወጣቶች ጥቂት የማይባሉት የተጋለጡት ሲዋደዱ ሳይሆን ሲለያዩ ነው። ዛሬ ልናነሳው የወደድነውም ይህንኑ ነው።

ለመሆኑ ልብ በእርግጥ ይሰበራል?

አንድ ተማሪ "ልቤ ተሰበረ" ሲል ትልልቆቹ ይስቃሉ። "ገና ልጅ ነሽ፣ ምኑን አውቀሽው! ይልቅ ትምህርትሽን አጥኚ" ይባላል። ሕመሙ ግን ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሳይፈልጉ ከፍቅረኛቸው የተለያዩ 40 ሰዎችን ወስዶ በኤም አር አይ መሣሪያ ውስጥ የቀድሞ ፍቅረኛቸውን ፎቶግራፍ እንዲያዩ አደረገ። በሌላ ዙር ደግሞ ክንዳቸው ላይ የሚያቃጥል ሙቀት ተደረገባቸው። በሁለቱም ጊዜ የአካል ሕመም ሲሰማን የሚሠሩት የአንጎል ክፍሎች ሲሠሩ ታዩ። እንግዲህ "አመመኝ" ያለው ልጅ አልዋሸም ማለት ነው።

ልብስ ራሱ? የጃፓን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1990 የልብ ጡንቻ ለጊዜው የሚደክምበትን አንድ ሁኔታ "ታኮትሱቦ" ብለው ሰየሙት። ቃሉ ኦክቶፐስ የሚባለው የባሕር እንስሳ የሚጠመድበት ገንቦ ማለት ነው፤ የደከመው ልብ የዚያን ገንቦ ቅርጽ ስለሚይዝ ነው። ብዙ ጊዜ ከከባድ ሐዘን ወይም ድንጋጤ በኋላ ይከሰታል። እናንተ ግን አትስጉ! በአብዛኛው የሚታየው በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ ነው፤ አብዛኞቹም በሳምንታት ውስጥ ያገግማሉ።

ለእኛ ቁም ነገሩ ሌላ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን ያመመው ሰው ሐኪም ቤት እስኪከፈት አይጠብቅም። ያገኘውን ሁሉ ይሞክራል፣ አረቄም ቢሆን ይይዝበታል። የተሰበረ ልብም እንደዚሁ ነው። እንቅልፍ የለም፣ ምግብ አይበላም፣ ደብተር ተዘርግቶ አንድ ገጽ አይነበብም። በዚህ ሰዓት የሚፈለገው ነገር ቶሎ የሚያሳርፍ እንጂ የሚበጅ አይደለም። በዚያ ላይ ብዙ ጥንዶች ሲዋደዱ ጓደኞቻቸውን ይተዋሉ፤ የጥናት ቡድኑ ይቀራል፣ ክበቡ ይቀራል፣ እሁድ ኳስ ሜዳ መሄድ ይቀራል። ስለዚህ አንዱ ሲሄድ ሁሉም ነገር አብሮ የሄደ ይመስላል።

የመሰናበቻ ቀጠሮ

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ማንነቷ እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ። "ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ" ብላ ገባች። ነርስ ባልሆንም ሁሉም "ሲስተር" ነው የሚሉኝ፤ ለምጄዋለሁ።

ከልጁ ጋር አንድ ዓመት ተኩል ቆይተዋል። መጀመሪያ ኮንዶም ይጠቀሙ ነበር፤ ከዚያ አብረው ተመርምረው ሁለቱም ነፃ ስለሆኑ ተውት። በኋላ ተጣሉና ተለያዩ። ከሁለት ወር በኋላ "ለመጨረሻ ጊዜ እንገናኝና በሰላም እንለያይ፤ ዕቃሽንም ትወስጃለሽ" የሚል መልእክት ላከላት። ሄደች። "እያለቀስኩ ሄጄ እያለቀስኩ ተመለስኩ" አለችኝ። በማግስቱ ጠዋት ከፋርማሲ የድንገተኛ እርግዝና መከላከያ ክኒን ገዝታ ዋጠች። እኔ ዘንድ ያመጣትም ይኸው ነበር፤ ክኒኑ መሥራት አለመሥራቱን ለማወቅ።

"ስለ ኤችአይቪስ አስበሻል?" አልኳት።

"ኧረ ሲስተር፣ እሱን እኮ አውቀዋለሁ! አብረን ተመርምረናል።"

"ከተለያያችሁ በኋላ ሌላ ጓደኛ ይዞ ነበር?"

ዝም አለች። ይዞ እንደነበር ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል። "ታዲያ ለምን አልጠየቅሽውም?" ስላት የሰጠችኝን መልስ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። "ብጠይቀው የቀናሁ ይመስለዋል።"

ወጣቶች፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ያ የምርመራ ውጤት ስለ ሁለቱ ወራት ምንም አይናገርም። የምናውቀው ፊት፣ የምናውቀው ድምፅ፣ የምናውቀው ቤት ስለሆነ ብቻ ምንም ያልተለወጠ ይመስለናል። ክኒኑም ቢሆን የሚከላከለው እርግዝናን እንጂ ኤችአይቪን አይደለም።

ደግነቱ የመጣችው በሁለተኛው ቀን ነበር። ባለሙያዎች ፔፕ የሚሉት፣ ለቫይረሱ ተጋልጠው ሊሆን ለሚችሉ ሰዎች የሚሰጥ መከላከያ መድኃኒት አለ። መጀመር ያለበት በተቻለ ፍጥነት፣ ቢዘገይ ደግሞ በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ለ28 ቀናትም ሳይቋረጥ ይወሰዳል። ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው የጤና ባለሙያው ስለሆነ ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ተመረመረች፣ መድኃኒቱንም ጀመረች። የዛሬ ምርመራ የትናንትናን አያሳይምና በ3ኛው ወር እንድትመለስ ተነገራት። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ከእናንተ መካከል ዛሬ ሁለተኛ ቀኑን የያዘ ሊኖር ስለሚችል ነው። እፍረቱ ይቆይና መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ወንዶቹስ?

ወንዶች በአብዛኛው አይመጡም። "ወንድ ልጅ አያለቅስም" ተብለው ስላደጉ ሐዘኑን ይዘውት ይዞራሉ። ጀለሶቹ ሊያጽናኑት ጫት ቤት ይወስዱታል፤ ከዚያ ጨብሲ ይከተላል፤ ማታ ላይ "በሌላ ትረሳታለህ" የሚል አንድ አይጠፋም። በዚያ ስካር ኮንዶም የሚያስታውስ ማን ነው? እውነት ለመናገር እኔን የሚያናድዱኝ ልጁ ሳይሆን አጽናኞቹ ናቸው። ጓደኛችሁን የምትወዱት ከሆነ ሻይ ቤት አስቀምጡትና ያውራ፤ አንድ ታሪክ አሥር ጊዜ ቢደግመውም ስሙት። ትምህርት ቤቷ በር ላይ ቆሞ ሊጠብቃት ወይም ሊያስፈራራት ሲነሳ ደግሞ መልሱት። አይሆንም ካለች አይሆንም ነው። ማስፈራራት በሕግም ያስጠይቃል።

ታዲያ ምን ይሻላል?

እኔ ለሚመጡት ልጆች የምለው ብዙ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለብቻ፣ ቤት ውስጥ፣ "ለመጨረሻ ጊዜ" የሚባል ቀጠሮ አይያዝ። ዕቃ ካለ ጓደኛ ያምጣው። "ናፈቅሽኝ" የሚለው መልእክት የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ነውና ስልኩ እህት ወይም እናት ጋ ይደር። የተተወው የጥናት ቡድንም በሩን አልዘጋም፤ ትንሽ ያሾፉባችሁ ይሆናል እንጂ ይቀበሏችኋል። ከሁሉም በላይ ለአንድ ሰው ተናገሩ፤ ለአክስት፣ ለታላቅ ወንድም፣ ለክበቡ ተጠሪ መምህር። "መኖር ምን ያደርግልኛል" የሚል ሐሳብ ከመጣ ግን ነገ አይባልም። በዚያው ቀን ለምታምኑት ትልቅ ሰው ንገሩ፤ ጤና ጣቢያም ይውሰዳችሁ። ጓደኛችሁ እንዲህ ካለም "ምስጢር ነው" ብላችሁ ብቻችሁን አትያዙት።

ያቺ ልጅ 28ቱን ቀን ጨረሰች። ማቅለሽለሹ አስቸግሯት ነበር፣ ሁለት ጊዜም ልታቆም ብላ ደውላልኛለች። በ3ኛው ወር ለምርመራ ስትመጣ አብሬአት ተቀመጥኩ። ውጤቷ ነፃ ነበር። ስንወጣ ስለ ልጁ ታነሳ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ፤ እሷ ግን ያስጨነቃት በማግስቱ የነበረባት የፊዚክስ ፈተና ነበር።