«ክሮም» ሁሉ አንድ አይደለም

ክፍል ይዘን ስንቆም ተማሪ «ይሄ የሚያብለጨልጨው ነገር ምንድነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። የብስክሌት መሪ፣ የወንበር እግር፣ የአሮጌ መኪና ፓራውልት፣ የዶዘር ምላጭ የሚያነሣው የሃይድሮሊክ ዘንግ፣ ሁሉንም «ክሮም ነው» ብለን እናልፋለን። ነገር ግን የፓራውልቱ ክሮምና የዘንጉ ክሮም ሥራቸውም ውፍረታቸውም ለየቅል ነው። ልዩነቱን ያላወቀ ባለ ዕቃ ገንዘቡን ያባክናል፤ ያላወቀ አስተማሪ ደግሞ ተማሪዎቹን ለአደጋ ያጋልጣል።

1. ልበጣው እንዴት ይካሄዳል?

ክሮሚየምን ፈረንሳዊው ቮክላን እ.ኤ.አ. በ1797 አገኘው፤ ለኢንዱስትሪ ልበጣ በሰፊው የዋለው ግን በ1920ዎቹ ነው። በተለመደው አሠራር በ1 ሊትር ውህድ ውስጥ 250 ግራም ያህል ክሮሚክ አሲድና 2.5 ግራም ያህል ሰልፈሪክ አሲድ ይገባል፤ ይኸውም 100 ለ1 መሆኑ ነው። የሚለበጠው ዕቃ ከኔጋቲቭ፣ የእርሳስ ብረት ከፖዘቲቭ ይያያዛል። በመዳብ ልበጣ ጊዜ ፖዘቲቩ መዳብ እየሟሟ ዕቃው ላይ ይለጠፋል። እዚህ ግን እርሳሱ ክሮም አይሰጥም፤ ክሮሙ የሚመጣው ከውህዱ ራሱ ነው።

አንድ ነገር ልብ እንበል። ከሚገባው ኤሌክትሪክ ክሮም የሚለብጠው ከ10 እስከ 20 በመቶው ብቻ ነው። የቀረው በአብዛኛው ሃይድሮጅን ያወጣል። ይህ ሃይድሮጅን ኋላ ሁለት ጣጣ ያመጣል።

2. ዓይነቶቹ

ሀ) የጌጥ ክሮም። ውፍረቱ ከ0.1 እስከ 0.5 ማይክሮን ነው (1 ማይክሮን ማለት የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው)። ከሥሩ ከ10 እስከ 40 ማይክሮን የሚደርስ ኒኬል አለ። ታዲያ ዝገትን በዋናነት የሚከላከለው ኒኬሉ እንጂ ክሮሙ አይደለም። ክሮሙ ኒኬሉ እንዳይደበዝዝና በቀላሉ እንዳይጫር ያደርጋል።

ለ) ጠንካራ ክሮም። ብዙውን ጊዜ በቀጥታ ብረቱ ላይ ይለበጣል፤ ውፍረቱ ከ20 እስከ 250 ማይክሮን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው። ጥንካሬው ከ800 እስከ 1000 ቪከርስ ይደርሳል። ለሃይድሮሊክ ዘንግ፣ ለፒስተን ቀለበትና ለመሳሰሉት መፋተግ ለሚበዛባቸው ዕቃዎች ይውላል። ሆኖም በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ስላሉት እርጥበት ሊያሳልፍ ይችላል። ስለዚህ ዝገት በሚያሰጋበት ቦታ ከሥሩ ኒኬል ይጨመራል።

ሐ) ጥቁር ክሮም። ብርሃን እንዳያንጸባርቅ ለሚፈለግ ዕቃና የፀሐይ ሙቀት ለሚሰበስብ ሰሌዳ የሚሆን ነው።

3. ሲታዘዝ ምን ይጻፋል?

«ክሮም አድርግልኝ» ማለት ብቻ አይበቃም። ለጌጥ ክሮም አይኤስኦ 1456፣ ለጠንካራው አይኤስኦ 6158 የሚባሉ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች አሉ። ትእዛዙ ላይ የሥሩ ብረት ዓይነት፣ ትንሹ የልባጥ ውፍረት፣ የማይለበጠው ቦታና የመጨረሻው ልክ መጠቀስ አለባቸው።

ምሳሌ፦ የመጨረሻ ውፍረቱ 50.00 ሚሊሜትር እንዲሆን የምንፈልገው ዘንግ 50 ማይክሮን ክሮም ይኑረው እንበል። ልባጡ በግራም በቀኝም ስለሆነ ዲያሜትሩ በ0.10 ይጨምራል። ስለዚህ ዘንጉ በፊት 49.90 መሆን አለበት። ለመሞረጃ እንዲተርፍ 75 ማይክሮን ቢለበጥ 50.05 ይሆናል፤ ከዚያ ተሞርዶ 50.00 ላይ ይቆማል።

የሃይድሮጅኑ የመጀመሪያ ጣጣ እዚህ ይመጣል። በጣም ጠንካራ ብረት ውስጥ ሲገባ ብረቱን ተሰባሪ ያደርገዋል። ስለሆነም እንዲህ ያለ ዕቃ ከተለበጠ በኋላ ሳይዘገይ ከ190 እስከ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት ለሰዓታት እንዲቆይ ትእዛዙ ላይ ይጻፋል።

4. ለእኛ ለመምህራን

ሁለተኛው ጣጣ የባሰ ነው። የሃይድሮጅኑ አረፋ ሲፈነዳ ክሮሚክ አሲዱን እንደ ጉም ወደ አየር ይረጨዋል። በውህዱ ውስጥ ያለው ባለ ስድስት ቫለንሲ ክሮሚየም ቆዳ ያቆስላል፣ የአፍንጫን ግድግዳ ይበሳል፣ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1990 በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ተርታ መድቦታል። ለጌጥ ሥራ አሁን በብዙ ፋብሪካ አደጋው ያነሰው ባለ ሦስት ቫለንሲ ውህድ ይሠራበታል። ተለብጦ ያለቀው ዕቃ ግን ብረት ነውና መነካቱ አያስፈራም።

እንግዲህ ክሮም ልበጣን በክፍል ውስጥ ፈጽሞ አንሞክር። ትምህርቱን ለማሳየት የናስ ቁልፍ፣ የመዳብ ቁራጭ፣ የመዳብ ሰልፌት ውህድና አንድ የባትሪ ድንጋይ ይበቃል። ቁልፉ ከኔጋቲቭ፣ መዳቡ ከፖዘቲቭ ይያያዝ፤ ጥቂት ቆይቶ ቁልፉ ይቀላል። ይህም ቢሆን ቢጠጣ መርዝ ነውና ውህዱን መምህሩ ይያዝ፣ እጅም ይታጠብ።

ለመወያያ፦ 30.00 ሚሊሜትር ሆኖ እንዲያልቅና 40 ማይክሮን ክሮም እንዲኖረው የተፈለገ ዘንግ ከመለበጡ በፊት ስንት መሆን አለበት?