ሊንክ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

ብዙዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ስናዘጋጅ በግርጌ ማስታወሻችን ላይ ከመጽሐፍ ስም ይልቅ የድረ ገጽ አድራሻ መጻፍ እያዘወተርን ነው። ይሁን እንጂ አድራሻውን መጻፍና ማስረጃውን መያዝ አንድ አይደሉም። ይህን ልዩነት በሚገባ ለመጨበጥ በቅድሚያ የሊንክን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። የዚህ አጭር የጥናት ጽሑፍ ዓላማም አሠራሩን ማስረዳትና ከዚያ የሚመነጨውን ተግባር ማመልከት ነው።

፩. አሠራሩ

ሊንክ ሁለት ክፍሎች አሉት። አንደኛው አንባቢ የሚያየውና የሚጫነው ቃል ሲሆን፣ ሁለተኛው ከቃሉ ጀርባ የተጻፈው አድራሻ ነው። አድራሻው በበኩሉ ሦስት ነገሮችን ይናገራል፦ ኮምፒዩተሮቹ የሚነጋገሩበትን ደንብ፣ የድረ ገጹን ስምና ተፈላጊው ገጽ በውስጡ የተቀመጠበትን ቦታ።

ቃሉን በምንጫንበት ጊዜ ብራውዘራችን የድረ ገጹን ስም ይዞ ዲ ኤን ኤስ የሚባለውን የስሞች መዝገብ ይጠይቃል፤ በምላሹም የቁጥር አድራሻ ያገኛል። ቀጥሎ ወደዚያ ቁጥር፣ ማለትም ገጹን ወደያዘው ሰርቨር፣ ጥያቄ ይልካል። ሰርቨሩ ገጹን ካገኘው 200 ከሚል ምልክት ጋር ይልክለታል። ገጹ ተዛውሮ ባለቤቱ አዲሱን ቦታ አስታውቆ ከሆነ 301 ብሎ ወደዚያ ይመራዋል። ካላገኘው ግን መልሱ ሁላችንም የምናውቀው 404 ነው።

፪. የአንድ ወገን ግንኙነት

ከዚህ እንደምንረዳው ሊንክ ሁለት ገጾችን የሚያስር ገመድ ሳይሆን አቅጣጫ ጠቋሚ ነው። የተጻፈው በጠቋሚው ገጽ ላይ ብቻ ነው። የተጠቆመው ወገን ፈቃዱ አልተጠየቀም፤ መጠቆሙንም ላያውቅ ይችላል። ገጹን ቢያነሳ ለጠቋሚው የማስታወቅ ግዴታ የለበትም።

ይህ በአጋጣሚ የተፈጠረ ጉድለት አይደለም። «ሃይፐርቴክስት» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1965 ያስተዋወቀው ቴድ ኔልሰን፣ ዛናዱ በተባለው ዕቅዱ በሁለቱም ወገን የሚታወቅና የማይሰበር ማገናኛ ለመሥራት አስቦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 በሰርን የምርምር ማዕከል የድርን ሐሳብ ያቀረበው ቲም በርነርስ ሊ ግን ባለ አንድ አቅጣጫውን መንገድ ተከተለ። በዚህም ማዕከላዊ የሊንክ መዝገብም ሆነ የሁለት ወገን ስምምነት አላስፈለገም። ማንም ማንንም ሳያስፈቅድ ለመጠቆም በመቻሉ ድር በዓለም ዙሪያ ተስፋፋ፤ በዚያው ምክንያት ደግሞ ሊንክ ተሰባሪ ሆነ። የጥንካሬውና የድክመቱ ምንጭ አንድ ነው።

፫. የችግሩ ስፋት

ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በ2013 ከነበሩት ገጾች ውስጥ 38 በመቶ የሚሆኑት ከአሥር ዓመት በኋላ ሊገኙ አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የሃርቫርድ የሕግ ምሁራን ጥናት ደግሞ በአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ውስጥ ከተጠቀሱት ሊንኮች ግማሽ ያህሉ ወደ ተጠቀሰው ማስረጃ እንደማያደርሱ አረጋግጧል።

ከዚህም የባሰ አለ። አድራሻው እየሠራ ይዘቱ የተለወጠ እንደሆነ አንባቢው መሳሳቱን እንኳ አያውቅም። 404 ቢያንስ እውነቱን ይናገራል።

፬. ምን መደረግ አለበት?

ሀ) አድራሻውን ብቻ ሳይሆን የጸሐፊውን ስም፣ ርዕሱን፣ የወጣበትንና የተነበበበትን ቀን አብሮ መጻፍ።

ለ) ገጹን በተጠቀሱበት ዕለት ማስቀመጥ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው ኢንተርኔት አርካይቭ ዌይባክ ማሽን በሚባለው አገልግሎቱ የገጾችን ቅጂ ከነቀናቸው በነፃ ያስቀምጣል። አንድ ቅጂ በራስ እጅ መያዝም ይገባል።

ሐ) የምርምር ጽሑፉ ዲ ኦ አይ የሚባል መለያ ቁጥር ካለው በእርሱ መጠቀም። አሳታሚው ቦታ ሲለውጥ መዝገቡን እስካስተካከለ ድረስ ቁጥሩ ወደ አዲሱ ቦታ ይመራል።

ለማጠቃለል፣ ሊንክ መንገድ ያሳያል እንጂ ለማስረጃው ዋስ አይሆንም። ዋስ መሆን ያለበት ጠቃሹ ራሱ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለ ሁለት አቅጣጫ ሊንክ ተመርጦ ቢሆን ኖሮ ምን እናተርፍ፣ ምንስ እናጣ ነበር?

2. ባለፈው ዓመት በጻፋችሁት ጽሑፍ ውስጥ የጠቀሳችኋቸውን ሊንኮች አንድ በአንድ ክፈቱ። ስንቶቹ ዛሬም ይመሰክሩላችኋል?